ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ የቀረችው ድመት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አየለ
ወሊሶ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ያ የቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ክረምቱ ገብቷልና እንደ አምናው ከአልጋ እንዳያውልዎት ስሰጋ ነው የሰነበትኩት። እትዬ የኔነሽስ ደም ግፊታቸው ተስተካከለላቸው? እንኳን ከጾመ ሐዋርያት በሰላም ወጥታችሁ ለፍቺው አደረሳችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ግንቦት ላይ ወባ አራት ቀን አስተኝታኝ ነበር፤ አሁን ለቃኛለች። እዚህ ጁባ፣ የእኔ ሰፈር ጉዴሌ እንደምታውቁት ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ። የፎቶ ኮፒ ሱቄ በር ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስደርድሬአለሁ፤ ደንበኛው በእነሱ ላይ እየዘለለ ይገባል።

ዛሬ የምጽፍልዎት መጽሐፍዎ በልጆቹ ምርጫ ስላገኘው ዘጠኝ ድምፅ ነው። ልጅዎ ዝማሬ ውጤቱን በቴሌግራም አይታ እንደነገረችዎትና እርስዎም «ዘጠኝ? በቃ፣ ልጅ አይዋሽም» ብለው ምሳዎን እንደጨረሱ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እሷም ጆሮዎ ሥር ጮኻ ስታስረዳዎት «አስረሳሽ ከልጅነቷም ለእኔ ስትል ትዋሻለች» አሉ አሉ። አልቀየምዎትም። ሦስተኛ ክፍል ሲያስተምሩን ልጆቹ «መምህር ቁንጥጫ» እንደሚሉዎት እያወቅሁ፣ እናታችን ፊት «መምህር ማር ነው የሚሏቸው» ያልኩ እኔ ነኝ። ያኔ ዋሽቻለሁ። አሁን ግን አልዋሸሁም። እንቅልፍ የነሳኝ ዝማሬ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያለችኝ ነው። ገና ያልታተመው ሁለተኛው ታሪክዎ የተጻፈበት ሰማያዊ ደብተር ከመደርደሪያው ላይ የለም አለችኝ። የት እንዳለ ብትጠይቅዎት ዝም አሏት።

እርስዎን አውቃለሁ። አንድ ሰው ጽሕፈትዎ ደቀቀ ቢል በማግስቱ የዕድሩን መዝገብ አስረክበው ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ብዕር አላነሱም። መጽሐፉን ሲልኩልኝ «አርባ ዓመት በልጆች ላይ ፈረድኩ፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው። ካልወደዱት ሁለተኛውን ለየኔነሽ ምድጃ ማቀጣጠያ እሰጠዋለሁ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ያኔ ስቄ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ጋዜጣ ቤት ስሠራ እንደለመድኩት ቀኑን ሳላዛንፍ ልጻፍልዎት። ማመን አለማመን የእርስዎ ነው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ሽልማቱ እንዲህ ነው። እዚህ የእኛ አገር ልጆች የሚማሩበት ትንሹ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት አወዳደረ። ዳኞቹ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ቢያንስ ሦስቱን አንብቦ ታሪካቸውን ለአስተማሪ መናገር የቻለ ልጅ የመምረጫ ካርድ ያገኛል። ያሸነፈውን መጽሐፍ የወላጆች ኮሚቴ በድጋሚ ያሳትማል፤ ደራሲው ሌላ ጽሑፍ ካለውም አብሮ ይታተምለታል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊውን ደብተር እያሰብኩ። ደንቡን የጻፍኩት፣ ላሚኔት ያደረግኩትና በየክፍሉ ግድግዳ የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ የጠየቀኝ የለም።

ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሠላሳ ሠላሳ ቅጂ ያስፈልግ ነበር። የእርስዎን የያዘው፣ ከአገር ዕቃ የሚያመላልስልን ሽመክት፣ ቦሌ ላይ ሻንጣው ኪሎ አለፈበትና ሃያ ዘጠኙን ለአጎቱ ልጅ አስረክቦ አንዱን በጃኬቱ ውስጥ ይዞ ተሳፈረ። ጁባ ሲወርድ ዝናቡ ይወርዳል። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ከአየር ማረፊያ ጉዴሌ ድረስ መጥቶ፣ እሱም መጽሐፉም በስብሰው ሱቄ ገቡ። መጽሐፉን በፎጣ ጠራርጌ ከማሽኑ አጠገብ አደረቅሁት፤ ከዚያ ሠላሳ ቅጂ ፎቶ ኮፒ አነሳሁ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ ጠፍቶብኛል። በወፍራም ወረቀት ሽፋን አበጅቼ በስቴፕለር መታሁት። ሲያልቅ ደርድሬ አየሁትና ደስ አለኝ።

አላነበብኩትም። ጋሼ፣ ጥፋቴ ይህ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርማት ክፍል ስሠራ አንድ ገጽ ሳላነብ ወደ ማተሚያ ቤት አሳልፌ አላውቅም። «ከሰል፣ የወፍጮ ቤቷ ድመት»ን ግን ምን ብዬ አነባለሁ? ከመታተሙ በፊት በመኝታ ሰዓት ስንት ጊዜ ነግረውኛል! እርማት ክፍል ለሚገባ አዲስ ሰው ሁሉ የምናስተምረው አንድ ነገር ነበር፤ በቃልህ የምታውቀውን ጽሑፍ አታርም፣ ዓይንህ የሌለውን ይጨምርልሃል። ይህን የምናገረው እኔ ነበርኩ።

ምርጫው ዓርብ ሰኔ 27 ተካሄደ። የማኅተም ቀለም ከሱቄ ወስጄ ነበርና ልጆቹ ካርዳቸውን ካርቶኑ ውስጥ ሲከቱ ጣታቸውን እየነከሩ ወጡ። አንዱ ጣቱን ከፍ አድርጎ «እኔ መርጫለሁ፣ አንተ ገና ነህ!» ሲል፣ ጓደኛው «ጉማሬ የመረጥከው ራስህ ጉማሬ ስለምትመስል ነው» ይለዋል። ሰማንያ ስድስት ልጆች መረጡ። ቆጠራው ልጆቹ ፊት ነበር። ጥርሱን ሊያሳክም ስለሄደ ጉማሬ የሚተርከው መጽሐፍ አርባ አንድ አገኘ። የእርስዎ ዘጠኝ፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ። ገርሞኝ ነበር፤ ቢሆንም የልጅ ነገር ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ሰኔ 30 ሔርሜላ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ከእናቷ ጋር ሱቄ መጣች። እናቷ ፓስፖርት ኮፒ ልታስደርግ ነው። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ አገጯን አስደግፋ «እትዬ አስረሳሽ፣ ወንድምዎ ክፉ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። እናቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። እሷ ግን «ታዲያ ድመቷን ለምን ገደሏት?» አለች። ሳቅሁና አልሞተችም፣ አስነጠሰች እንጂ አልኳት። «የት ላይ?» አለች።

ቅጂውን ከፈትኩላት። ገጽ 31 ላይ የተዘጋው የወፍጮ ቤት በር ሥዕል አለ። ከሥሩ «ወፍጮው ቆመ። ዱቄቱ ረጋ። ከሰል ግን አልወጣችም።» ይላል። ቀጥሎ ሽፋኑ ነው። ሽመክት ያመጣውን አወጣሁ። የመጨረሻው ቅጠል በዝናቡ ርሶ ከኋላ ሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ደርቋል፤ ለሚያገላብጠው ሰው ገጽ 31 ወፈር ባለው ሽፋን ውስጠኛ ፊት ላይ የታተመ ይመስላል። በውሃ እንፋሎት ሳላቅቀው የገጽ 32 ግማሽ ፊደል ሽፋኑ ላይ ቀረ። ከሰል ከጆንያዎቹ መካከል እንደ ጥጥ ነጥታ የምትወጣው፣ ባለወፍጮው «ይህች ደግሞ የማን ናት?» ብሎ የሚያባርራት፣ ስታስነጥስ ዱቄቱ ረግፎ አፍንጫዋ ሲጠቁር የሚያውቃት፣ ሁሉም እዚያ ገጽ ላይ ነበር። ከሠላሳው ቅጂ በአንዱም ላይ የለም። ልጆቹ ያነበቡት ወፍጮ ውስጥ ገብታ ስለቀረች ድመት ነው።

የዚያኑ ቀን ርዕሰ መምህሩ ታዲዮስ ዘንድ ሮጥኩ። ልጅ እግር ነው፤ ግን ረጋ ያለ። ሰማኝና «እትዬ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን እኮ» አለኝ። እንደገና ይመረጥ ብዬ ለመንኩት። ለእርስዎ ወንድም ብለን ከደገምን ነገ የጉማሬው ደራሲ እህት ትመጣለች አለኝ። ቀጥሎ ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁ። «ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ድጋሚ ምርጫ የለም። በልጆች ውሳኔ ትልቅ ሰው አይገባም።» የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ አልልም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ፈቀደልኝ፤ የጎደለውን ገጽ ለልጆቹ እንዳነብላቸው ሩብ ሰዓት።

ረቡዕ የአገሩ የነጻነት በዓል ነበርና ሐሙስ ሐምሌ 3 ሄድኩ። አራተኛና አምስተኛ ክፍልን አንድ ላይ አስቀመጡልኝ። የሆነውን ነገርኳቸው፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ገጹንም አነበብኩላቸው። ፊደል የጎደለበትን በቃሌ እየሞላሁ ነው። ስጨርስ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ ብዬ ነበር። ሔርሜላ ግን እጇን አወጣችና «እርስዎ ነዎት የጨመሩት፤ እንዳናዝን ብለው» አለች። ቅጠሉን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። «ይሄ እኮ የተቀደደ ነው። ግማሹን ከጭንቅላትዎ ነው ያነበቡት» አለች። እውነቷን ነው፤ ግማሹን ከጭንቅላቴ ነው ያነበብኩት። ቦሌ የቀረውን ካርቶን ሳስመጣ ታዪዋለሽ አልኳት። «እሺ» አለች፤ ትልቅ ሰውን ላለማሳፈር የሚባለውን እሺ።

ከኋላ ደግሞ ማርቲ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ ተነሳች። ወላጆቿ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ከዓረብኛዋ ይበልጣል። «እኔ መጽሐፉን የመረጥኩት ስላልወጣች ነው» አለች። ሌሎቹ መጻሕፍት ውስጥ የጠፋው ሁሉ ይመለሳል አለች። «አባቴ መጥቼ እወስዳችኋለሁ ብሎ ሄዶ አልመጣም፤ ይሄ መጽሐፍ ብቻ ነው ያልዋሸው» አለች። «ካላስ! ያልወጣ አልወጣም። አሁን መጥተው አያስወጧት።» ካላስ እዚህ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። አስተማሪዋ «ማርቲ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። ተቀመጠች። ቅጠሉን በእጄ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ደወል ተደወለና ልጆቹ በሁለቱም ጎኔ እያለፉ ወጡ።

ጋሼ፣ ላስተካክል ሄጄ ነበር። ሔርሜላ አላመነችኝም፤ ማርቲ ደግሞ ስላመነችኝ ነው የከፋት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሱቅ ሲመጡ ስለ መጽሐፉ የሚያነሳ የለም። የሚያወሩት ስለ ጉማሬው ነው። መምህር ታዲዮስም የእርስዎ ካርቶን ሲመጣ ቤተ መጻሕፍት ይገባል ብሎኛል፤ ከዚህ በላይ የሚያደርገው የለም፤ እኔም የማደርገው የለኝም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ያ ዘጠኝ በእርስዎ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ልጆቹ የእርስዎን መጽሐፍ ገና አላነበቡትም። የፈረዱት እኔ በስቴፕለር በመታሁት ላይ ነው። እንዲያምኑኝ ከልጆቹ ቅጂ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ የእርሳስ ጭረትና የብስኩት ዘይት አለበት፤ ገልጠው የት ላይ እንደሚያልቅ በዓይንዎ ይዩት። ሽመክት ማክሰኞ ሐምሌ 8 ይበራል፤ ወሊሶ እስኪደርስ ሐሙስ ነው። ጋዜጣ ላይም እንዲሁ ነበር፤ ስህተቱ ፊት ገጽ ላይ ይወጣል፣ እርማቱ ከሳምንት በኋላ ከማስታወቂያ ሥር በሁለት መስመር። ስልክ ብደውል «እሺ፣ እሺ፣ ጤና ይስጥሽ» ብለው ይዘጉታል። ከዚህ ሆኜ መሮጥ የምችለው በሽመክት እግር ብቻ ነው።

እትዬ የኔነሽን እግራቸውን እስማለሁ በሉልኝ። በዚህ ሳምንት ምድጃቸውን በምን እንዳቀጣጠሉ አልጠይቃቸውም፤ ፈርቼ ነው። ዝማሬን ስለ ጮኸችልኝ አመሰግናታለሁ፤ የጉሮሮዋን ማር ከእኔ ቁጠሩላት። ፀሎት ሁለት የፊት ጥርሶቿ እንደወለቁ ሰምቻለሁ፤ በአያቷ ጉልበት ላይ እንዳትዘል ንገሯት፣ ጉንጮቿንም ሳሙልኝ። ባለወፍጮው ጎረቤታችንንና ቤተሰቡን በሙሉ ሰላም በሉልኝ።

ጋሼ፣ ደብተሩ ካለ «አለ» ብለው አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ከሌለ ግን፣ እኔን ለማጽናናት ብለው አለ እንዳይሉኝ።

እህትዎ አስረሳሽ
ጁባ፣ ጉዴሌ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.