አባባ ያልጨረሱት ዘር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጣሰው፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? የዚያ አገር ሙቀት አልጨረሰህም? ናዝራዊትስ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ጥርስ አበቀለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አኗኗራችን ግን ግራ የገባው ነው። አንተ እንደሆንክ ብዕር ማንሳት ድንጋይ መፈንቀል ሆኖብሃል፤ ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ።

እንሰታችን በአጠውልግ በሽታ አልቆ መድረሻ ስናጣ ያንን ማሳ አረስኩት። አዎ፣ አባባ ባቄላ ሲዘሩ ዋንዛው የወደቀባቸውን። እንዳትጮህብኝ። መሬት ጦሙን እያደረ እኛ በረሃብ እንለቅ እንዴ? እማዬ አልቅሳ አልቅሳ በመጨረሻ "ደማቸው የፈሰሰባትን ቦታ ብቻ እንዳትነኪ" አለችኝ። ዙሪያዋን በድንጋይ ከለልኩ፤ ማርያምን፣ አንዲት ፍሬ አልጣልኩባትም።

መሬቱ ስለደከመ፣ ከሆሳዕና የተመደበችው የልማት ሠራተኛ ህይወት ኮምፖስት አሠራችኝ። ፍግ፣ አመድና ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ አነባብረን በኮባ ሸፈንነው። ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ ይተነፍሳል፤ እጄን ስከትበት እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ዘሩን ደግሞ ጥላ ውስጥ ሆነን እሷ ባመጣችው ጥቁር ዱቄት ለወስነው። ባክቴሪያ ነው፣ ነፍስ አለው፣ ፀሐይ ካገኘው ይሞታል አለችን። እማዬ ይህን ሰምታ "አፈር የገባውን ሰውስ ምን ያደርጉታል?" ብላ ጠየቀቻት። ህይወትም እነዚህ ከባቄላው ሥር ጋር ነው የሚኖሩት፣ አፈር ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ግን የሞተውን ሁሉ ለሚበቅለው ምግብ ያደርጉታል አለቻት። ምነው ምላሷን በነከሰች!

ባቄላው ጉድ አሰኘ። ግን ጣሰው፣ የከለልኳት ቦታም አበቀለች! ከሌላው የጠቆረ፣ ደረቴ የሚደርስ ባቄላ። ህይወት አይጥ ወስዶት ይሆናል አለች። አይጥ ሁለት ሁለት ፍሬ እየጣለ ይዘራል? እንደዚያ የሚዘሩት አባባ ብቻ ነበሩ።

ህይወት ከዚያች ቦታ አንዱን ከነሥሩ ነቅላ፣ ሥሩ ላይ ያበጡትን እንክብሎች በጥፍሯ ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ደም ይመስላል። ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው ብላ እልል አለች። የማሳው ሁሉ እንዲያ ነው፣ አይቻለሁ። ያቺን ቦታ ግን ዱቄቱ አልነካትም። ጎርፍ አምጥቶት ነው አለች፤ ቦታዋ ከፍ ያለች መሆኗን አንተ ታውቃለህ። ፈራሁ ወንድሜ፣ አልዋሽህም።

እማዬ ያንን ካየች ወዲህ "ባሌን አልበላም" ብላ ከማሳው የመጣ ነገር በአፏ አልዞረም። ሌላ የሚበላ ደግሞ የለም። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ቆማ መሄድ አቅቷት፣ ለቀብር ልጠራህ ነው ብዬ ነበር። ትናንት ጠዋት ከመኝታዋ አጣኋት። ብፈልግ ከድንጋዮቹ መካከል ተቀምጣ እሸት እየፈለፈለች ትበላለች። ክው አልኩ። ቀና ብላ "ዘሩን ሳይጨርሱ ነበር የሄዱት፤ አሁን ጨረሱ። ብዪ አሉኝ" አለችኝ። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ በላሁ። ይጣፍጣል።

ናዝራዊትን ሳምልኝ፤ ልጁን እቅፍ አድርጉልኝ። አጎታችን ባፈናና እትዬ ዓባይነሽ ሰላም ብለውሃል። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ዛሬ ቆማ ውላለች።

ከዚያች ቦታ ፍሬ ጥቂት በሾፌሩ በአብዱ እጅ ልኬልሃለሁ። የእማዬ ትእዛዝ ነው፤ አባባ ለሁላችንም ነው የዘሩት ብላለች። ሲደርስህ ቀዝቅዞ እንደሆነ ጻፍልኝ። እዚህ ስቋጥረው ይሞቅ ነበር።

እህትህ በዛወርቅ
ሺሺንዳ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.