የፉሪ ዋጋ አልባ ድምፆች

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከጠዋቱ 3፡15

መብራት የለም። መስኮት ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ምርጫ አልቋል፤ አንድ ገጽ ተኩል። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ፤ እጩው አንድ ብቻ ስለነበር ብዙ የሚባል የለውም። ወ/ሮ ሰናይት፣ የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ለምረቃው «የምርጫ ክልላችን ታሪክ» የሚል ቀጭን መጽሐፍ ትፈልጋለች። እኔን የጠየቀችኝ በየምርጫው የፉሪ ምርጫ ጣቢያ ሰብሳቢ ስለነበርኩ ነው። የቀሩት ሰብሳቢዎች ወይ ሞተዋል ወይ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደዋል። ሰበታ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንድ ጉልበት።

ደብተሬ፣ ለሷ በጨዋ ቋንቋ እጽፋለሁ። የተረፈው ያንተ ነው።

ለሷ ያልጻፍኩት፦ በመጀመሪያው ምርጫ ገበሬዎቹ ሳይነጋ መጥተው በየተራቸው ድንጋይ አስቀመጡና ከብት ሊያወጡ ተመለሱ። በሩን ስከፍት የተሰለፈው ድንጋይ ብቻ። ሳቄ መጣ። ማንም ግን የማንንም ድንጋይ አልነካም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ከሰዓት 9፡00

ሦስተኛው ምርጫ። ኦቦ ዲሪባ የተወዳደሩበት። የግል እጩ፤ ምልክታቸው በሬ። የፉሪ ተወላጅ፣ ጤፍና ሽምብራ አራሽ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። የምርጫ ክልሉን ባያሸንፉ እንኳ ፉሪን እንደማያጡ ሁሉም ያውቅ ነበር። ፉሪን አጡ።

ውጤቱን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መጥተው በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሰው ከበዋቸው ቆሟል፤ ማንንም ሳያዩ ሄዱ። በዓመቱ መሬታቸውን ለወንድማቸው ትተው ሱሉልታ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ፉሪን አልረገጡም። የገዛ ወገኔ ካደኝ ብለው።

የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ከሳጥኔ አወጣሁ። የእጅ ጽሑፌ ያኔ ያምር ነበር። «ዋጋ አልባ ድምፅ» ከሚለው ሥር ምክንያቱን ጽፌያለሁ። አሻራው ከሳጥኑ ውጪ ያረፈ፣ ይላል።

መጻፍ አቆምኩ።

11፡30

ትዝ አለኝ። መጻፍ የማይችል መራጭ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከምልክቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማሳረፍ ነበረበት። የፉሪ ሽማግሌዎች ያሳረፉት በሬው ላይ ነው። ጀርባው ላይ፣ ቀንዱ ላይ፣ አንዳንዱ ደግሞ በሬውን ጨርሶ እስኪሸፍነው። የመረጡትን ነኩ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ፈተና ሳርም ነው የኖርኩት። ከሳጥን ውጪ የተጻፈ መልስ ዜሮ ነው። እያነሳሁ ወደ ዋጋ አልባ ክምር ጣልኩት፤ ክምሩ ከሌላው ሁሉ በለጠ። የኦቦ ዲሪባ ታዛቢ አንድ ገበሬ ነበር። በሬው መነካቱ እኮ ይታያል አለኝ። ሕግ ነው አልኩት። ልጆቹን አስተምርለት ስለነበር አክብሮኝ ተወው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ጠዋት 2፡30

የዚያን ጊዜ የሥልጠና ማስታወሻዬን አገኘሁ። መራጩ ማንን እንደፈለገ በግልጽ ከታወቀ ድምፁ ይቆጠራል፣ ብዬ ጽፌያለሁ። አስምሬበታለሁም። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቤው ነበር።

ራሴን ላጽናና ደመርኩ። የፉሪ ክምር በሙሉ ቢቆጠርላቸው እንኳ ወንበሩ አይቀየርም፤ ያሸነፈው እጩ በሌሎቹ ጣቢያዎች በሰፊው መርቷል። ተመስገን ልል ብዬ አፈርኩ። ሰውየው የጎደላቸው ወንበር አይደለም።

ለሰናይት ደወልኩ። አዘነችልኝ። ከዚያ መጽሐፉ ለምረቃ ነው፣ የተኛ ነገር ባንቀሰቅስ አለች። አሸናፊው ካልተቀየረ ያቺን ነገር ዘለን ብናልፋትስ?

ለአንድ ሰዓት ያህል ተስማማሁ። አራተኛውን ምርጫ ጻፍኩ። ፋብሪካው መጣ፣ እርሻው አነሰ፤ ከደቡብ የመጡት ሠራተኞች መዝሙር እየዘመሩ ተሰለፉ፣ መታወቂያ የሌለው ተመለሰ። ጥሩ ገጽ ነው። ከሱ በፊት ያለው ገጽ ግን ውሸት ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ቆልፌበት እንዴት ይጥራ?

ሰኞ፣ የካቲት 10። 11፡00

ሱሉልታ፣ ኦቦ ዲሪባ ዘንድ ደርሼ መጣሁ። አየር ጤና፣ አዲሱ ገበያ፣ ሌላ ታክሲ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጃቸው ጫልቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸዋለች። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አልኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። «ባርሲስቱ» አሉ። አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፤ ድሮም የሚጠሩኝ እንዲሁ ነበር። ወተት ቀረበልኝ። ሳልናገር አልቀምሰውም ብዬ አስቀመጥኩት።

ተናገርኩ። ሳልቀባባ። በሬውን፣ ጣቱን፣ ሳጥኑን፣ ታዛቢውን። ይቅርታም አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ አነሰብኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በሬውን የነኩት እነማን እንደነበሩ ጠየቁኝ። ወረቀቱ ስም የለውም፣ ግን በጣት የመረጡት ያልተማሩት ናቸው፣ ትልልቆቹ፣ የአንቱ እኩዮች አልኳቸው። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቱሉ። ጉደታ። በቀለ። አጎታቸው። በየስሙ ጫልቱ በቀስታ ሞቷል፣ እሱም ሞቷል ትላለች።

«የአንዳቸውም ቀብር ላይ አልቆምኩም» አሉ። «መልእክተኛ ልከውልኝ ነበር። የከዱኝን ሰዎች አፈር አላለብስም አልኩ።»

ጫልቱ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ቀብር መቅረት ማለት ምን እንደሆነ እዚህ አገር ለማን ይነገራል? እኔ አንድ የምርጫ ቀን ብቻ ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13። 4፡00 ጠዋት

ሦስተኛውን ምርጫ እንደገና ጻፍኩ። ከነስሜ፣ ከነጥፋቴ። ለሰናይት ያለዚህ ገጽ ሌላውንም አልሰጥሽም አልኳት። በኋላ ላኪው አለች፤ ደስ ብሏት ግን አይደለም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነኝ። የምርጫ ክልሉ ድንበር ተለዋውጧል፤ የትኛው መንደር የት እንደሚመርጥ ሰዉ መጥቶ የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔ ምን አውቄ

ስልክ። ቆይ።

5፡10

ጫልቱ ነበረች። አባቷ ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሱም። ዛሬ ጠዋት ጋቢያቸውን አጥባ እንድታሰጣ አዘዋት። ቅዳሜ ፉሪ ይወርዳሉ፤ በሬውን ነክተዋል ብለው ባሰቧቸው ሰዎች ቤት ሁሉ፣ በየተራ፣ ለቅሶ ሊደርሱ። ስንት ዓመት ዘግይተው። እኔም እንድገኝ ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት። እሳቸው ያሏትን እንዳለ ነገረችኝ፦ «እኔ እግዜር ያጥናችሁ እላለሁ። ለምን እንደቀረሁ እሷ ትንገራቸው።»

እፈራለሁ። ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። የነዚያ ሰዎች ልጆች ተማሪዎቼ ናቸው። ከዜሮ በታች ማርክ የለም እያልኩ የቀጣኋቸው።

ጥቁር ነጠላዬን አወጣሁ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ፉሪ እደርሳለሁ። በየቤቱ እሳቸውን በር ላይ አቆይቼ ቀድሜ ገብቼ የምናገረው እኔ ነኝ።