የቦኬዋ ሦስተኛ ኳስ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3/80 ዓ.ም.፣ ጧት

ጋዜጣው መጣ። ደብተሬ፣ ጉድ ስማ። ለዚያ የአዲስ አበባ ኳስ ጸሐፊ ሦስት ደብዳቤ የላክሁት እኔ! የቦኬውን ግጥሚያ ጻፍልን፣ በረኛው ነበርሁ፣ ዛሬም በሕይወት አለሁ ያልሁት እኔ! ልጁ መጣና ቦርደዴ ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። አሰበ ተፈሪ ድረስ ዳገቱን መውጣት ታከተው። ቦርደዴ ማን አለ? ማሞ፣ የዚያን ቀን የተጋጣሚዎቻችን አጥቂ። ሦስት አገባሁበት ብሎታል። ከነፎቶው ወጥቷል።

ውሸታም! ሁለት ገብተውብኛል፣ አልክድም። ሦስተኛዋን ይዣታለሁ። በደረቴ። ይኸው ሠላሳ ዓመት አቅፌያታለሁ።

ባለቤቴ እታገኝ ፎቶውን አየች። ማሞ አላረጀም አለች። ቁርሴን ትቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ከጸሐፊው ደብዳቤ። ሁለተኛውን ክፍል ሊያወጣ ነው። ማሞ ቀኑን ረስቶታል፤ ጋሼ፣ እርስዎ ያስታውሱ ይሆን? አስታውሳለሁ እንጂ። ሰኞ ነበር።

ቅዳሜ ብዬ ጻፍሁለት። ቴምብሩን ስልስ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ቦኬ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ የኳስ ሜዳው ያን ቀን የግመል ተራ ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ አበቤ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ወጣ! ጫት ተራ በሳቅ ሞተ። ሻጩ አህመድ፣ እንደ አያቱ ቆጥሮኝ፣ «አካኮ፣ ማሞ አታሎ ያለፈው በረኛውን ነው ግመሉን?» አለኝ። «ግመሉን ጠይቀው፣ እኔ ገበያ ነበርሁ» አልሁት። ማሞ ከቤት አይወጣም አሉ። ይበለው! እሰይ!

ሰኞ፣ ኅዳር 27

ጋዜጣው ማረሚያ አወጣ። በገበያ ቀን ኳስ የለም፣ ግጥሚያውም አልተደረገም ይላል። ለእኔም ለብቻዬ ደብዳቤ፦ ጋሼ፣ ባልተደረገ ግጥሚያ የተያዘ ኳስ መጻፍ አልችልም፣ ይቅርታ።

እታገኝ፣ «በገዛ መረብህ አገባህ» ብላ ሳቀች።

 የዚያን ቀን ሰዎች አልቀዋል። ያቺን ኳስ ስይዝ ያየ በምድር ላይ አንድ ሰው ቀርቷል። ማሞ።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቦርደዴ እወርዳለሁ። ለዕርቅ አይደለም! ግጥሚያው ሰኞ ተደርጓል ብለን አንድ ወረቀት ላይ እንፈርማለን። እሱ ሦስት ይበል፣ እኔ ሁለት እላለሁ፤ ሁለቱንም ይጻፉት። ቅዳሜ ያልሁት እኔ መሆኔን ከፈረመ በኋላ እነግረዋለሁ። አፍንጫው ሥር ቆሜ።

ጫማዬን ቀብቻለሁ። እታገኝ ደግሞ ከሳጥን አዲስ ነጠላ አውጥታ፣ እኔም ልምጣ፣ ማሞን ካየሁት ስንት ዓመቴ ትላለች። በፍጹም አይሆንም!