ጋሼ የጠራው ሰልፍ

ሄራንዬ፣

በካርዱ ላይ ያለውን ተራራ እርሺው፤ ትናንት ያየሁት ይበልጣል። እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ አንድ የሱቅ ዘበኛ ጥቁር ስለሆነ ብቻ አንዱን የሐበሻ ልጅ «ሌባ» ብሎ መሬት ላይ ጣለው። አጎቴ ጋሼ ፍቅረሥላሴና የሐበሻ ማኅበሩ ኮሚቴ ሽማግሌዎች ተቆጥተው ኮልፋክስ መንገድ ላይ ሰልፍ ጠሩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ዘጠኙ ማን ቀድሞ ንግግር እንደሚያደርግ ይጨቃጨቃሉ።

በዚህ መሀል የጋሼ ሴት ልጅ ፀዳል ከጥቁር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ማኅበሯ ጋር ደረሰች፤ ሁለት መቶ ሰው፣ ከነከበሮው፣ ከነቀስተ ደመና ባንዲራው! ሴት እንደምትወድ ከነገረችው ወዲህ ጋሼ ዓመት ሙሉ አላናገራትም። ስለዚህ ራሱ ሃያ እርምጃ መሄድ ትቶ፣ ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው ሦስት ሽማግሌ ላከባት። መልእክቱም «የዛሬው የቀለም ጉዳይ ነው፤ ያንን ባንዲራችሁን ጠቅልላችሁ ኑ» የሚል ነበር።

ፀዳል ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ስማ፣ መልሱን ለአባቷ በድምፅ ማጉያ ላከች፦ «አባዬ፣ ቅዳሜ ጥቁር፣ እሁድ ሌላ ሰው ልሁን? ዘበኛ ሲጥለኝ ግማሼ ብቻ አይወድቅም!»

ሽማግሌዎቹ አስፋልቱን ማጥናት ጀመሩ። ባንዲራውን የጠቀለለ የለም። አንዱ ጋዜጠኛ ጋሼን «ይቺ ማን ናት?» አለው። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ልጄ ናት» አለ። ያ ብቻውን ስለከበደው «ድምፁን ከእኔ ነው የወሰደችው» ብሎ ጨመረበት።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ፀዳል ሰላም ብላሻለች። ጋሽ ሀይለማርያም፣ ካርዱ በቢሮዎ ፖስታ ሣጥን ስለሚመጣ ከልጅዎ ከሄራን ቀድመው እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ ፀዳል ለእርስዎም ሰላም ብላለች።

ናርዶስ