የእማ ጉልበት፣ ከዜሮ እስከ አሥር

ማርች 2፣ እሑድ
ላቦራቶሪ ዋልኩ። ረዳቴ መናሔም የመዘገበው የውሃ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ተሳስቷል። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ምሳ ለብቻዬ በላሁ።
ከሥራ በኋላ ሮቫ ጊሜል ሰፈር፣ እናቴ ዘንድ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። ከሐኑካ በዓል ወዲህ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ደጅ አልወጣችም። ጉልበቷ… የሕመም ማስታገሻ ኪኒኑንም ለኩላሊቷ ሲል ሐኪሙ ከልክሏታል። እስከ መቼ መስኮት ስር ትቀመጥ?

ማርች 5
ክሊኒኩ ጥናት ጀምሯል። ጉልበት ዙሪያ ቀጫጭን መርፌ ይተክሉና በመርፌው ቀላል ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ሰውነት የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል ባዮች ናቸው። አሥራ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ስምንቱን በቀይ እስክሪብቶ አረምኩ። ሦስቱ ግን… አስመዘገብኳት። ለመግባት ሕመሟ ከአሥር ቢያንስ አራት መሆን አለበት። ቀላል ነው።

ማርች 10
ቀላል አልነበረም።
ነርሷ ጋሊት በዕብራይስጥ ጠየቀች፣ እኔ ተረጎምኩ። "ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምሻል?"
እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ ልጄ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?"
ጋሊት ዜሮ ጻፈች። በወንበር ተሸክመን ያወረድናት ሴት፣ ዜሮ!
"እማ! ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ አልጮህሽም?"
"ዝም በል! በሰው ፊት!"
አልተቀበሏትም። ጮህኩ። ጋሊት ግን ረጋ ብላ፣ "በዚህ ወር ስድስት የኢትዮጵያ አዛውንት መጡ። ስድስቱም ዜሮ።"
"እንግዲያው የተበላሸው መለኪያችሁ ነው!"
"አስተካክለህ አምጣው።"

ማርች 12
አሥራ ሰባት ጥያቄ አዘጋጀሁ። ሁለተኛው ላይ "ፖሊስ ሆንህ እንዴ?" አለችኝ።
ወዲያው ጓደኛዋ ጸሐይ ከሮቫ ሔት ሰፈር ደወለች። አርባ ደቂቃ! ግራው እንደ ቢላ፣ ቀኙ እንደ እሳት… ኮሪደር ቆሜ ጻፍኩ። ለካ ለሐኪም ደህንነቷን ነው የምትናገረው፣ ሕመሟን ለጸሐይ። እንዴት አላሰብኩትም?

ማርች 16
ጸሐይን ይዘን ሄድን። ጋሊት ፈቀደች፣ ጸሐይ እናቴን ጠየቀች።
"አለሚቱዬ፣ ስንት ልበላቸው?"
"ስምንት በያቸው።"
"ስምንት? የኔ እንኳ ዘጠኝ ነው!"
"ያንቺ ዘጠኝ ከሆነ የኔ አሥራ ሁለት ነው።"
መለኪያው አሥር ላይ ያበቃል ብል ሁለቱም ገላመጡኝ። ሁለቱም ተመዘገቡ። አልጋቸው ጎን ለጎን።
ከታካሚው ግማሹ መርፌ እንጂ ኤሌክትሪክ አያገኝም። እናቴ ከየትኞቹ ናት? "አይነገርም" አለች ጋሊት። ተናደድኩ። ብትነግረኝ ደግሞ ደንብ ጣሰች ብዬ እከሳት ነበር።

ኤፕሪል 27
ከሥራ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤቱ ባዶ! ደወልኩ።
"አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ጸሐይ ዘንድ ልሄድ። አትጩህ፣ ሰው ይሰማል።"
ብቻዋን… ሦስት ፎቅ ወርዳ… ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።
ኤሌክትሪኩ ነው? ወይስ በሳምንት ሁለት ቀን ጎን ለጎን ተኝተው የሚያወሩት? ጥናቱ ወሬውን አልቆጠረውም። ከባድ ስህተት ነው። ጋሊት ካወቀች በተለያየ ቀን ታደርጋቸዋለች።
ስህተቱን ለጋሊት የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ሁለት ገጽ። አራት ቀጠሮ ቀርቷቸዋል። የምልከው ከአራተኛው በኋላ ነው።