በእንሰት አፈር የቀበርኩት ኦርኪድ

ሰኞ

መጀመሪያ የነገረኝ ሽታው ነው። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ከጀመረ ሳምንት አልፎታል፤ እኔ ግን የክረምቱ ዝናብ ነው፣ ያልፋል እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። ዛሬ ከጠዋት ጸሎት ተነስቼ በረንዳ ስወጣ የረጋ ውሃ ዓይነት ሽታ መጣብኝ። ጎንበስ ብዬ ባሸት ከአስቴር ኦርኪድ ነው። አፈሩን በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ሥሩ እንደበሰበሰ ሙዝ እጄ ላይ ሟሟ።

ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ። ሽታው አልለቀቀኝም።

እውነቱን ልጻፈው። ይህ ተክል አፈር ነክቶ አያውቅም ነበር። ባለቤቴ አስቴር ከሰባት ዓመት በፊት ከገሱባ፣ ከአባቷ ግቢ ትልቅ ዛፍ ላይ ከነቅርንጫፉ አስቆርጣ አመጣችው። ከአንድ ጉማጅ እንጨት ጋር በእንሰት ቃጫ አስራ በረንዳው ላይ ሰቀለችው። እዚያው ኖረ። በዓመት አንዴ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሲመሽ ነው መዓዛው የሚመጣው። የገሱባው ዛፍ በኋላ ተቆርጦ ጣውላ ሆኗል። የዚያ ዛፍ ኦርኪድ ሌላ የትም የለም።

አስቴር ካረፈች በስምንተኛው ወር አየሁትና አሳዘነኝ። ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የተራበ ሰው ክንድ መሰለኝ። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ዓመት ሙሉ እበት የጠገበውን ጥቁር አፈር ዛቅሁ። በኛ አገር ለምትወደው ተክል ከዚያ የበለጠ የምትሰጠው ነገር የለም። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ኦርኪዱን በአፈሩ እስከ አንገቱ ቀበርኩበት። በየቀኑ አጠጣሁት። ሃያ ሁለት ዓመት የግብርና መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ማዳበሪያ አድያለሁ፤ ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ታደለች ከገሱባ ደወለች። የአስቴር ታናሽ ናት። ቅዳሜ እኔ ዘንድ፣ ሶዶ ትመጣለች። "ጋሼ፣ ያ አበባ ሁለት ራስ አውጥቷል ብላኝ ነበር እህቴ። አንዱን ትሰጠኛለህ። የአባቴ ግቢ ባዶ ሆኗል። ለመሆኑ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው" አልኳት።

በስድሳ ስድስት ዓመቴ ዋሸሁ። ለአበባ።

ማክሰኞ

ጀሪካኑን አቅፌ መምህርት ሰናይት ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች።

"ጋሽ ማቴዎስ፣ ይሄ ኦርኪድ አይደል እንዴ? ምን ውስጥ ነው የከተቱት?"

"የእንሰት አፈር ነው። ምርጡን።"

"ጎመን መሰለዎት?" ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታየው ሳቋን ዋጠችው።

አስረዳችኝ። ዛፍ ላይ የሚኖረው ከዛፉ ሊበላ አይደለም፣ ለመቀመጫ ነው። ሥሩ ይረጥባል፣ ከዚያ መድረቅ አለበት። ከውሃው ይልቅ አየሩን ይፈልጋል። "እርስዎ እኮ አልበደሉትም፤ አበሉት። ግን ታፈነ" አለችኝ።

ይድናል ወይ አልኳት። "እውነቱን ልንገርዎት? አይመስለኝም። ግን ይሞክሩ።"

ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦

ከሰል፣ አውራ ጣት የሚያክል፣ አቧራው እስኪለቅ የታጠበ።
የቆየ የጥድ ቅርፊት። የባሕር ዛፍ አይሆንም።
የሸክላ ስባሪ።
ጎኑና ታቹ የተበሳ ማሰሮ።
አፈር፦ ምንም።

ምንም የሚለውን ሁለቴ አሰመረችበት። እንደ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ረቡዕ

ቅርፊቱን ከእንጨት መሰንጠቂያው አገኘሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ለመድኃኒት" አልኩ። ይሄም ውሸት ይሆን? አላውቅም።

ከሰሉን አምስት ውሃ አጠብኩት። እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። ማሰሮውን በምስማር ስበሳ አንዱ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው እሺ አለኝ። የሳምንቱ ደስታዬ ይኸው ነው፣ ስምንት ቀዳዳ።

ከዚያ ምላጩን በእሳት አሳልፌ የበሰበሰውን ቆረጥኩ። ብቆርጥ ብቆርጥ ደህና ቦታ አልደርስም። ትልቁ ራስ መሐሉ ድረስ ቡናማ ሆኗል፤ ሳብ ሳደርገው ያለ ድምፅ ወጣ። ከትንሹ ሁለት ሥር ብቻ ተረፈ፤ አንደኛው ነጭ፣ አንደኛው የሚያጠራጥር። መምህርት እንዳለችኝ ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነሰነስኩ።

ሳስቀምጠው ከሰሉ መሐል አልቆምልህ አለኝ። የሚይዘው ነገር የለውም። እጄ ወደ ጓሮው አፈር ሄደ፤ ጥቂት ብቻ፣ እንዲደገፍበት ብዬ። ጭብጥ አድርጌ አንስቼ መለስኩት። ሰው እንዴት እያወቀ ይደግማል?

"ታፈነ" መምህርት ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም። አስቴር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እኔ አጥሚቱን ይዤ በዚያኛው በኩል እዞራለሁ። አንዲት ማንኪያ፣ እባክሽ፣ አንዲት። ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን እንደ ማዳበሪያው ነው የታየኝ።

ሐሙስ

አንድ ቅጠል ወደቀ። ሦስት ቀሩ።

ለአራት ቀን ውሃ የለም ተብያለሁ። ቁጭ ብሎ ማየት እንዲህ ይከብዳል? ጠዋት ኩባያ ይዤ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

የጸሎት ቡድናችን ከሰዓት ተሰበሰበ። መሪያችን "ወንድም ማቴዎስ፣ የጸሎት ርእስ አለህ?" አለኝ። የታመመ ልጅ ያለው፣ ሥራ ያጣ ሰው በተቀመጠበት ምን ልበል? "የለኝም፣ ጌታ ይመስገን" አልኩ።

ግን ያፈርኩት በሰው ብቻ አይደለም። ለአስቴር ስንት ለመንኩ። ያኔ ያልተሰጠኝን አስቤ ስለ ሁለት ሥር አፌን መክፈት አቃተኝ። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ ተቀይሜሃለሁ። እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ዓርብ

የሚያጠራጥረው ሥር ጠቆረ። ቆረጥኩት። አንድ ቀረ።

ታደለችን አትምጪ ልላት ስልኩን አነሳሁ። "ታምሜአለሁ" ልል ነበር። አስቀመጥኩት። ሌላ ውሸት የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።

ቅዳሜ

አራት ሰዓት ላይ ገባች፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። "የገሱባ መንገድ አንጀቴን ገለበጠው ጋሼ፤ በል አበባዬን አምጣ!"

ማሰሮውን ፊቷ አስቀመጥኩ።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ሌላውስ ራስ?"

"ገደልኩት" አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ አፈሩን፣ እበቱን፣ በስልክ የዋሸሁትን።

"እበት! ለአበባ እበት! እህቴ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው።" እሷ ግን አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ማሰሮውን ስታዞረው ቆየች። "አንተ መስጠት አታቆምም፣ ችግርህ ይሄ ነው። በቃኝ ስትልህ አጥሚቱን ይዘህ አፏ ላይ ትቆም ነበር። እኔ አጠገባችሁ ነበርኩ። ተዋት ልልህ ፈልጌ ትልቅ ሰው ነህ ብዬ አፈርኩ።"

"ካልበላች ትሞትብኛለች ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። እሷም ታውቅ ነበር። ለምን የምትውጥ መሰለህ? ርቧት? ለአንተ ብላ ነው።"

እኔ ሳስታምማት የነበርኩ መስሎኝ ለካ እሷ ነበረች የምታስታምመኝ።

"ውሰጂው" አልኳት። "እዚህ ከሆነ እጄ አያርፍም።"

እምቢ ልትለኝ ነበር፣ ዓይኔን አየችና ተወችው። ግቢዋ ውስጥ አቮካዶ አለ፤ ጥላው ሥር አንጠለጥለዋለሁ አለች። ማሰሮውን በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "ራሴ እስክነግርህ ድረስ ስለሱ እንዳትጠይቀኝ። በየቀኑ ከጠየቅኸኝ እኔም እንደ አንተ መነካካት እጀምራለሁ" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

እሑድ

መዝሙሩን አብሬ ዘመርኩ። ስብከቱን አልሰማሁም። ከምሳ በኋላ ዝናቡ በረንዳውን ሲመታው ተቀምጬ ባዶውን ቦታ አየሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሰኞ

ደወልኩላት። በሰላም መግባቷን ጠየቅኩ፤ ገብታለች። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። መንገዱ ከዝናቡ የተነሳ ተቆርጦ አንድ ሰዓት ቆመዋል። በቆሎው ደህና ነው። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቷ ሠርግ አወራን። ብዙ አወራን።

ልትዘጋ ስትል የምትለው ያለ መሰለኝ። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"በል ደህና ዋል፣ ጋሼ" አለች።

አበባው ይኑር ይሙት አላውቅም። ግን አልጠየቅኳትም።