እንጨት የመሰለው ግድግዳ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ከርመዋል? ጤናዎስ እንዴት ነው? ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባሉ ቁጥር ከእንጨቱ ጋር ይጣላሉ? እማዬስ፣ ታላቅ ወንድሜስ፣ ባለቤቱና ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ከስታለች ብላችሁም እንዳታስቡ፣ ሱሪዬ ሁሉ እየጠበበኝ ነው።

ባለፈው በስልክ፣ ግድግዳ ቀብቼ እንጨት እንደማስመስል ብነግርዎ፣ አርባ ዓመት እንጨት የላግኩት ልጄ በቀለም ሰው እንድታታልል ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እስቲ ሥራውን ላስረዳዎና ከዚያ ይፍረዱ።

መጀመሪያ ግድግዳው ፈዛዛ ቢጫ ይቀባና ይደርቃል። በላዩ ቀጠን ያለ ቡናማ ቀለም ይደረብበታል። ቡናማው እርጥብ እንዳለ በላስቲክ ማበጠሪያ ሲበጠር ቢጫው ከሥር ብቅ እያለ የእንጨት መስመር ይወጣዋል። ቅርንጫፍ የነበረበት የሚመስለውን ጠባሳ በአውራ ጣቴ እያዞርኩ አወጣለሁ። ከደረቀ ግን አለቀለት፣ ማስተካከል የለም። አለቃችን ቀኑን ሙሉ ሲያጣድፈን የሚውለው ለዚህ ነው፤ እኛም ቶሎ ቶሎ የሚል ስም አውጥተንለታል።

ሰሞኑን የአንዲት የጥርስ ሐኪም ታካሚዎች ተራ የሚጠብቁበትን ክፍል ብቻዬን እንድሠራ ሰጠኝ። ካበላሸሁት የድሮ ቀለም ወደመፋቅ እንደምመለስ አስቀድሞ ነግሮኛል። ሐኪሟ የፈለገችው የተገጣጠመ ጣውላ የሚመስል ግድግዳ ነው፤ ቀለም መሆኑን እያወቀች ያሠራችው ስለሆነ የተታለለ የለም። እኔ በጥድፊያ ማበጠሪያውን ከላይ እስከ ታች አወረድኩት፣ የቆመውንም የተጋደመውንም ጣውላ አንድ ላይ። አለቃዬ ጎበዝ አለኝ፣ ሐኪሟም ደስ አላት። ራቅ ብዬ ሳየው ግን እርስዎ ከነቁጣዎ ፊቴ ድቅን አሉ። የተጋደመው ጣውላ መስመሩ በርዝመቱ መሄድ ሲገባው ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ የተቆረጠ ጣውላ ገና ሲነኩት ነው የሚሰበረው።

ሳይደርቅብኝ ስፖንጅ ነክሬ ጠረግሁት። አለቃዬ አበድሽ ወይ ብሎ ጮኸብኝ፤ ይህን ማን ያውቅብሻል አለኝ። አባቴ ያውቃል አልኩት። ቡናማውን እንደገና ደርቤ የተጋደመውን በአግድሙ አበጠርኩ፣ መጋጠሚያውንም እርስዎ እንደሚገጥሙት አድርጌ ለየሁት። ሊደርቅብኝ ሲል ለጥቂት ደረስኩበት።

አለቃዬ ቀርቦ መጋጠሚያውን አንድ በአንድ አየውና፣ ወደ መፋቁ አትመለሺም አለኝ። አሁን ሌሎቹ ቀቢዎች ማበጠሪያ ከማንሳታቸው በፊት መስመሩ በየት በኩል እንደሚሄድ እኔን ይጠይቁኛል። ደስ ብሎኝ እየሠራሁ ነው፣ አባባ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ ግድግዳ የጨረሰ ሰው በመስመሮቹ መሐል ስሙን በቀጭን ብሩሽ ደብቆ ይጽፋል፤ ከጻፈው በቀር ማንም አያገኘውም። እኔ የጻፍኩት የእርስዎን ስም ነው። ፈቃድዎን አልጠየቅሁም። ከላይ የሚሸፍነው ቫርኒሽ የሚቀባው ወር ሲሞላው ስለሆነ፣ ካልወደዱት ይንገሩኝና አጠፋዋለሁ። ባያስጠፉኝ ግን ደስታዬ ወሰን የለውም።

እማዬን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ስንፍናውን ትቶ ይጻፍልኝ ይበሉት፤ ለባለቤቱም ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጆቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ይሳሙልኝ። የእርስዎን እጅ ለማንም አልሰጥም፣ ራሴ መጥቼ እስመዋለሁ።

የአናጢው ልጅ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ሚያዝያ 9 ቀን